ኤምስ ከሚባለው የኖራ ድንጋይ በታች ያሉትን የኖራ ድንጋዮች ምን ብዬ ልጥራቸው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በምዕራብ ፔንስልቬንያ የተቆፈረ ኮር (ከጉድጓድ የወጣ ዘንግ መሰል የድንጋይ ናሙና) እየመዘገብኩ ነው። ፒትስበርግ ከሚባለው የከሰል ንብርብር ብዙ ወረድ ብሎ፣ ከቀይ ጭቃ ድንጋይ በላይ፣ አረንጓዴ ቀመስ ግራጫ የኖራ ድንጋይ አለ። ፊቱን ውሃ ሳስነካው የክሪኖይድ (አበባ መሰል የባህር እንስሳ) ግንድ ቁርጥራጮች ክብ ክብ ሆነው ብቅ ይላሉ። እሱን ኤምስ ለማለት አላመነታሁም። የቸገረኝ ከሱ በታች ያለው ነው። የባህር ዛጎል ያለባቸው ሁለት ንብርብሮች አሉ። የድሮው መዝገብ ከላይ ወደ ታች ቆጥሮ ዉድስ ረን እና ናዲን ብሏቸዋል። ኦሃዮ ውስጥ ያለው ጉድጓድ መዝገብ ደግሞ ካምብሪጅ የሚባል አለው። በኮሩ ግርጌ፣ ልክ ከሌላ የከሰል ንብርብር ስር፣ ዛጎል የማይታይበት ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይም አለ። እንዴት ላዛምዳቸው?

መልስ 1
ካምብሪጅ የኦሃዮ ስም ነው። ድንበር ሲሻገር ያው ንብርብር ስሙ ሊቀየር ይችላል። በቆጠራ ስም መስጠት ግን አይሆንም እህቴ። ከኤምስ በታች ዉድስ ረን፣ ናዲን፣ ፓይን ክሪክና ብራሽ ክሪክ አሉ፤ አራቱም ግን በየጉድጓዱ አይገኙም። አንዱ ከጎደለ ከሱ በታች ያለው ስም ሁሉ ይዛባል።

መልስ 2
ከከሰሉ ስር ያለውን ከባህሮቹ ጋር እንዳትቀላቅዪው! ከሰሉ አፐር ፍሪፖርት የሚባለው ከሆነ ያ የሐይቅ ኖራ ነው። በአጉሊ መነጽር ኦስትራኮድ (ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል ያለው በጣም ትንሽ የውሃ እንስሳ) ፈልጊበት። እንዲህ ያለው ትንሽ ሄዶ ይሳሳል፣ ከዚያም ድርግም ይላል። ከጉድጓድ ጉድጓድ መስመር አትስቢበት። ኤምስን ግን ያስቀመጠው የተስፋፋ ባህር ስለሆነ እስከ ኦሃዮና ዌስት ቨርጂኒያ ድረስ ይገኛል። መነሻሽ እሱ ይሁን።

መልስ 3
ለሁለቱ የባህር ንብርብሮች ኮኖዶንት (ከምድር የጠፉ የባህር እንስሳት ቅሪት) ይሻላል። ናሙናውን በቀጠነ አሴቲክ አሲድ አሟሚው። ኖራው ይሟሟል፤ ጥርስ የሚመስሉት ጥቃቅን ኮኖዶንቶች ፎስፌት ስለሆኑ ይቀራሉ። ባህሩ በተመለሰ ቁጥር ዝርያዎቹ ስለሚለዋወጡ ንብርብሮቹን ይለዩልሻል። ደግሞ አደራ፣ ኮሩን ሙሉ በሙሉ አትጨርሺው፤ ግማሹ ለሚቀጥለው ሰው ይቀመጥ።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ። የኮኖዶንቱ ውጤት እስኪመጣ ሁለቱን ያለ ስም፣ በጥልቀታቸው ብቻ እመዘግባቸዋለሁ። ነጣ ያለው ላይ ኦስትራኮድ ካገኘሁ ፎቶውን እለጥፋለሁ።