ጠቋሚው ሰማያዊ፣ ዓሦቹ ግን አየር አጥሯቸዋል

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። እጽዋት የሞላበት የ100 ሊትር አኳሪየም አለኝ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሲሊንደር እለቅበታለሁ፤ ጋዙ ከመብራቱ 2 ሰዓት ቀድሞ ይከፈታል።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ድሮፕ ቼከር የሚሉት፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ጋዝ በቀለም የሚያሳየው ጠቋሚ ከሰማያዊ ንቅንቅ አይልም፤ ሰማያዊ ማለት ጋዙ አንሷል ማለት ነው። ከሰዓት ላይ ግን ኒዮን ቴትራዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። ውሃውን ስለካው ኬኤች (የካርቦኔት መጠን) 8፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) 6.8 ነው። ከሁለቱ የጋዙን መጠን በሚያሳየው ሰንጠረዥ ከሄድን በሊትር 38 ሚሊግራም ገደማ ጋዝ አለ ማለት ነው፤ የሚመከረው ደግሞ 30 አካባቢ። ታዲያ ማንን ልመን?

ሰንጠረዡንም ቢሆን እጠረጥረዋለሁ። ውስጡ ያለው ትልቅ እንጨት ውሃውን ሻይ አስመስሎታል፤ ፒኤቹን ያወረደው የእሱ አሲድ ሊሆን ይችላል። የጠቋሚው ፈሳሽ ኬኤች 4 ስለመሆኑም ጠርሙሱ ላይ ምንም አልተጻፈም። ከ4 በላይ ከሆነ ጋዙ ሞልቶም ሰማያዊ እንዳለ ይቆያል።

ለጊዜው ጋዙን ቀነስ አድርጌ የማጣሪያውን መውጫ ወደ ላይ አዙሬዋለሁ። ዓሦቹ ተረጋግተዋል፤ አሁን ጋዙ በማነሱ የምፈራው አልጌ ነው።

ባለ 4 ኬኤች ፈሳሽ ከዲስቲልድ ውሃና ከቤኪንግ ሶዳ ቤቱ የቀመመ ሰው አለ? መጠኑን ብትነግሩኝ። ወይስ ከአኳሪየሙ በብርጭቆ ቀድቼ፣ ጋዙ እስኪወጣለት አሳድሬ፣ የፒኤቹን ልዩነት ባይ ይሻላል? 1 ነጥብ ያህል ልዩነት ይበቃል የሚሉ አሉ። እንጨት ባለበት ውሃ ይሠራል?