አዛውንት ተሳፋሪን ከሴስና 172 ወይም ከፓይፐር እንዴት ነው የምታወርዱት?

ዝቅ_ብሎ_በራሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ የማሳፍራቸው ሴት 78 ዓመታቸው ነው። የቀኝ ዳሌያቸው በቀዶ ጥገና ተቀይሯል። ከዘራ ይዘው ደህና ይራመዳሉ፤ ደረጃ መውረድ ግን ይፈራሉ። የማገኘው አውሮፕላን ሴስና 172 ነው፤ እሱ ከተያዘ ደግሞ ፓይፐር ቸሮኪ። ማስገባቱ ብዙም አላሳሰበኝም፤ ጭንቄ ማውረዱ ነው። የት ይርገጡ? ምን ይጨብጡ? እኔስ የት ልቁም?

ታኮ_አስገባ፦
ምርጫ ካለህ 172ን ያዝ። ክንፉ ከላይ ስለሆነ ከወንበር በቀጥታ ወደ መሬት ነው የሚወርዱት። በሩም ሁለት ስለሆነ አንተ በግራ ወጥተህ ልትረዳቸው ትችላለህ። የፊት ቀኝ ወንበር ስጣቸው። ከኋላ እንዳታስቀምጣቸው፤ የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ መውጣት ለጤነኛ ጉልበትም ፈተና ነው።

ሞተር ጠፍቶ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ቀበቶ አይፈታ፣ በር አይከፈት። ፍላፑን፣ ማለትም ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጋውን ክፍል፣ ማስተር ስዊቹን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ከማጥፋትህ በፊት ሙሉ በሙሉ ሰብስበው። የወረደ ፍላፕ ጠርዙ በሰው ግንባር ልክ ነው የሚቆመው፤ የሴስና ክንፍ በግንባሩ ላይ ማህተም ያላሳረፈበት ፓይለት ጥቂት ነው። ቁልፉን ንቀልና ከውጭ በሚታይበት ቦታ ዳሽቦርዱ ላይ አኑረው። ከዚያ ውረድና ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አስገባላቸው። የማቆሚያ ፍሬኑን ብቻ አትመን። ሰው ከወንበር ሲነሳ አውሮፕላኑን ገፍቶ ነው የሚነሳው፤ አንድ ስንዝር ከተንቀሳቀሰ ሚዛናቸውን ይስታሉ። ወደ እሳቸው በር ስትሄድ በጅራት በኩል ዙር። እሳቸውም ከወረዱ በኋላ ወደ ጅራት እንጂ ወደ ፊት አይራመዱ።

መያዣን በተመለከተ፦ ክንፉን የሚደግፈው ዘንግ ጠንካራ ነው፣ ይጨብጡት። የበሩ ምሰሶ ላይ መያዣ ካለም ጥሩ። በሩን ግን አይደገፉበት፤ ማጠፊያው ይጣመማል፣ ነፋስ ከመጣም ይዟቸው ይሄዳል። መሪውንም አይያዙ። የጎማው ሽፋን መርገጫ ይመስላል፣ ግን ስስ ነው፣ ይሰነጠቃል። እግረ ጎማው ላይ ያለችው ትንሽ መርገጫ ደግሞ ለአንድ ጫማ ብቻ የተሠራች ናት፤ ለእሳቸው አልመክራትም። ወለሉ የሰፋ፣ እግሩ የማይንሸራተት፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው በርጩማ ከዘንጉና ከእግረ ጎማው መካከል፣ ከበሩ ሥር አስቀምጥ።

ፊዚዮ፦
ዳሌያቸው የተቀየረው በቅርብ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪማቸው ምን እንደከለከላቸው ጠይቅ። ብዙ ጊዜ የሚነገራቸው ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ አለማጠፍ፣ እግር አለማጣመር፣ በተተከለ እግር ላይ ወገብን አለማዞር ነው። የአውሮፕላን ወንበር ሦስቱንም ያስጥሳል። ስለዚህ ጠንከር ያለ ትራስ ከሥራቸው አድርግ፤ ጭንቅላታቸው ጣሪያ እንዳይነካ ግን እይ። መደገፊያውንም ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብለው።

ለማውረድ፦ ሄድሴቱን (የጆሮ ማዳመጫውን) አውልቅና ገመዱን ከእግራቸው አርቅ፤ ተጠላልፎ የሚያደናቅፈው እሱ ነው። ወንበሩን አንተው ራስህ ወደ ኋላ ግፋው። እሳቸው በእግራቸው እየገፉ ወንበሩን የሚቆልፈውን ፒን ካስለቀቁት በሐዲዱ ላይ ተፈናጥሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ እጅህ መደገፊያውን ይያዝ። መጠኑ ጉልበታቸው የበሩን የፊት ምሰሶ እስኪያልፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሄደ የኋላው ምሰሶ ትከሻቸውን ይይዛል። ሲመለሱ ደግሞ ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ መግባቱን ወንበሩን ወዝወዝ አድርገህ አረጋግጥ።

ከሥራቸው የሚያንሸራትት ፌስታል ወይም የሐር ጨርቅ ካነጠፍክ መዞሩ በጣም ይቀላል። መሬት ሊረግጡ ሲሉ ግን አውጣው። ወገብና እግር አንድ ላይ ይዙር። እድለኛ ሆነህ በሩም የተቀየረው ዳሌም በቀኝ ነው፦ ቀኝ እግር ቀድሞ ይወጣል፣ ግራው ይከተላል፣ እግር አይጣመርም። የወንበሩ ጠርዝ ላይ ይቀመጡ፣ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ዘርጋ ያድርጉ፣ በእጃቸው ወንበሩን ተጭነው በግራው ይነሱ። በርጩማው ላይ ሲወርዱም ያው ነው፤ ሲወጡ ደህነኛው እግር፣ ሲወርዱ የታመመው ይቀድማል።

አንተ ከፊታቸው ወደ ጎን ብለህ ቁም። በብብታቸው አትሸከም፣ እጃቸውንም አትጎትት፤ ትከሻ የሚወልቀው እንደዚያ ነው። ወገባቸው ላይ ሰፊ ቀበቶ አስረህ እሱን ያዝ። ከተነሱ በኋላ ወዲያው አይራመዱ። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ የተነሳ አዛውንት የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ ዘንጉን ይዘው ግማሽ ደቂቃ ይቁሙ፣ ማዞር ካለ ይንገሩህ፣ ከዚያ ከዘራውን አቀብላቸው።

ባለፓይፐር፦
ቸሮኪን እወዳታለሁ፤ ለዚህ ሥራ ግን አትሆንም። ክንፏ ከታች ስለሆነ የሚወረደው በክንፉ ላይ ተረግጦ ነው። በሯም አንድ ነው፣ እሱም በቀኝ። አንተ በግራ ነህ፤ እሳቸው ሳይወርዱ አንተ አትወጣም፣ ስለዚህ መሬት ላይ የሚቀበላቸው ሌላ ሰው ግድ ነው። ወንበሩም ከክንፉ ወለል ብዙም ከፍ አይልም፤ ከዝቅተኛ ዱካ እንደመነሳት ስለሆነ ፊዚዮ ያለው 90 ዲግሪ እዚያው ይጣሳል።

ሌላ ምርጫ ከጠፋ፦ በሩ ሁለት መቆለፊያ አለው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከጎን፤ ሁለቱም መከፈታቸውን እይ። የሚረገጠው ክንፉ ላይ ያለው ጥቁሩ ሻካራ መንገድ ብቻ ነው። ፍላፑ ክብደት የሚችለው ሙሉ በሙሉ ተሰብስቦ ሲቆለፍ ብቻ ነው። የእጅ ማንሻውን እስከ መጨረሻው አውርደህ ፍላፑን በእጅህ ተጭነህ ሞክረው፤ ካልተቆለፈ ሲረግጡት ወርዶ ይጥላቸዋል። አወራረዱ እንደ መሰላል ነው፦ ፊታቸውን ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ አዙረው፣ የጎኑን መያዣ ጨብጠው፣ በጀርባ። የሚቀበላቸው ሰው ከኋላ ቆሞ እግራቸውን በእጁ ከክንፉ ኋላ ባለው መርገጫ ላይ ይምራ፤ ወደ ኋላ የሚወርድ ሰው መርገጫውን አያየውም።

ዝቅ_ብሎ_በራሪ፦
172 ተወስኗል፤ ካልተገኘ ቀኑን እቀይራለሁ። አንድ ነገር፦ በአደጋ ጊዜስ? በርጩማም ትራስም በሌለበት?

ታኮ_አስገባ፦
ያንን ከመነሳትህ በፊት ንገራቸው፣ አስለማምዳቸውም። የአሜሪካ የቻርተር በረራ ሕግ፣ ክፍል 135፣ ወደ መውጫ ለመድረስ የሰው እርዳታ ለሚያስፈልገው ተሳፋሪና ለረዳቱ ለብቻ ገለጻ እንዲደረግ ያዛል። በግል በረራም ይህን አድርግ። ቀበቶውንና በሩን በራሳቸው እጅ ሁለት ሁለት ጊዜ ይክፈቱ፤ ጣታቸው አርትራይተስ ካለበት ችግሩ ያኔ ይታያል። ለግዴታ ማረፍ የ172 ቼክሊስት መሬት ከመንካት በፊት የበሮቹ መቆለፊያ እንዲለቀቅ ያዛል፤ የእሳቸውን በር ማን እንደሚከፍት አስቀድማችሁ ተስማሙ። ያኔ ስለ ዳሌው ማሰብ የለም፤ ቀበቶ ተፈትቶ በተገኘው መንገድ መውጣት ነው። ከኋላ ሌላ ተሳፋሪ ካለ በግራ በር፣ በአንተ በኩል እንደሚወጣ ንገረው።

በርጩማው ላይ ደግሞ ረዘም ያለ ቀይ ጨርቅ እሰርበት። ከበሩ ሥር ተረስቶ ሞተር የሚነሳበት ጊዜ አለ።