አሕመዳባድ ብቻዬን ስገባ የመጀመሪያውን ቀን እንዴት ላሳልፈው?

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ የምገኝ የክር ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። በሕንድ ጉጅራት ግዛት በምትገኘው አሕመዳባድ ከተማ ለአራት ሳምንት የሚሰጥ ሥልጠና አግኝቼ፣ ቪዛዬም ወጥቶልኝ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ እንድነሣ ተወስኗል። ከአገር ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ሲሆን አብሮኝ የሚሄድ ሰው የለም። ከአዲስ አበባ ሙምባይ፣ ከሙምባይ ደግሞ በአገር ውስጥ በረራ አሕመዳባድ የምደርሰው እሑድ ጠዋት ነው። የሥልጠናው ማደሪያ የሚከፈተው ሰኞ ስለሆነ የእሑድን ሌሊት የማድርበትን ቤት ራሴ መፈለግ አለብኝ።

የሚያስጨንቀኝ ያ አንድ ቀን ነው። ከሰኞ ጀምሮ የሚያስተናግዱኝ ሰዎች አሉ፤ እሑድ ግን በማላውቀው ከተማ፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ ሻንጣዬን ይዤ ብቻዬን ነኝ። በዚያ ላይ የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ ምግቡን እንዴት እንደማደርገው አላውቅም። እናቴ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ስደርስ እንኳ «ደረስሽ ወይ?» ብላ ሳትደውል የማታድር ሰው ናት፤ ለእርሷም የምነግራት ተጨባጭ ነገር እፈልጋለሁ። ከተማዋን የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከአውሮፕላን ከወረድኩበት ሰዓት አንሥቶ እስከ ማታ ምን ምን ማድረግ እንዳለብኝ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)

እህቴ፣ አብሽሪ። በዚያች ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ዓመት ኖሬባታለሁ፤ የገባሁትም እንዳንቺው ብቻዬን ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ ቢጫ ካርድሽን ተመልከቺ። ሕንድ ከኢትዮጵያ ለሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የተወሰደ መሆን አለበት። ካርዱ የሌለውን ሰው እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያቆዩት ይችላሉ። ስለዚህ በሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርትሽ ጋር በእጅ ቦርሳሽ ይሁን።

ሙምባይ ላይ ወደ አሕመዳባድ የሚቀጥል ቲኬት ቢኖርሽም ሻንጣሽን ተቀብለሽ በጉምሩክ ካለፍሽ በኋላ እንደገና ማስረከብ ይኖርብሻል። የሙምባይ አየር ማረፊያ ሁለት ተርሚናሎች ጎን ለጎን አይደሉም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው በመኪና ነው። የአገር ውስጥ በረራሽ ከየትኛው እንደሚነሣ ቲኬትሽ ላይ ከአሁኑ አረጋግጪ። ከሕንጻው አንዴ ከወጣሽ ደግሞ መልሰው የሚያስገቡሽ በር ላይ ላሉት ጠባቂዎች ቲኬትና ፓስፖርት ስታሳዪያቸው ብቻ ስለሆነ፣ ጥቂት ዶላር ወደ ሩፒ መመንዘርና ሲም ካርድ መጠየቅ ሳትወጪ የሚያልቅ ሥራ ነው። የተቀደደ ወይም የተጣበቀ ብር ከሰጡሽ እዚያው መልሺው፤ ባለ ሱቆች እንዲህ ያለውን ብር አይቀበሉም። ትንንሹንም አብዝተው እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ማደሪያው ልምጣ፤ እኔ የተጎዳሁት በዚህ ነው። በኢንተርኔት የያዝኩት የእንግዳ ማረፊያ ዋጋው ደህና፣ ፎቶው ያማረ ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ደርሼ ፓስፖርቴን ሳቀርብ እንግዳ ተቀባዩ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና መልሶ በእጄ ላይ አኖረው፤ ቤቱ የውጭ አገር ሰው አያሳድርም። በሕንድ ሕግ የውጭ ዜጋን የሚያሳድር ቤት የእንግዳውን ዝርዝር በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማስታወቅ ይጠበቅበታል፤ ብዙ ትንንሽ ማረፊያዎች ወደዚህ አሠራር ስላልገቡ ይመልሳሉ። ይህን አስቀድመው አለማስታወቃቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ በዚያ ሌሊት ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሦስት በር አንኳኩቻለሁና። አንቺ ግን ከመነሣትሽ በፊት «የኢትዮጵያ ፓስፖርት ትቀበላላችሁ?» ብለሽ ጠይቀሽ መልሱን በጽሑፍ ያዢ። ከሁሉም የሚሻለው የሥልጠናውን አዘጋጆች ጠይቆ እነርሱ በሚያውቁት ቤት መያዝ ነው።

የማረፊያውን አድራሻ በእንግሊዝኛና በጉጅራቲ ፊደል በትልቁ አሳትመሽ ያዢ። ባለ ሪክሻው ስልክሽ ላይ ካለው ካርታ ይልቅ ወረቀቱን ይመርጣል፤ እኔም ወረቀቴን ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጎ ለባልደረባው እያነበበ መንገዱን ሲጠይቅ አይቻለሁ። ሪክሻ የሚሉት እኛ ባጃጅ የምንለውን ነው፤ መልኩን ስታዪ ኮምቦልቻ ያለሽ ይመስልሻል፤ ባጃጅ የሚለው ስምም የዚያው አገር ፋብሪካ ስም ነው። ከመሳፈርሽ በፊት ቆጣሪው እንዲከፈት ጠይቂ፤ እምቢ ካለ ዋጋውን ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋገሩ። በስልክ መተግበሪያ መኪና ከጠራሽ ጉዞው የሚጀመረው ስልክሽ ላይ የመጣውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ለሹፌሩ ስትነግሪው ስለሆነ፣ ቁጥሩን ከመስጠትሽ በፊት የመኪናውን ሰሌዳ አመሳክሪ።

አንድ ነገር በብርቱ አደራ እልሻለሁ። ሕንድ የሚነዳው በግራ ነው። መንገድ ስታቋርጪ እዚህ መጀመሪያ ወደ ግራ ማየት ለምደናል፤ እዚያ ቀድሞ የሚደርስብሽ ከቀኝ የሚመጣው ነው። በመጀመሪያው ቀን ብቻሽን ሰፊ መንገድ አታቋርጪ፤ የአገሩ ሰው ሲሻገር ከጎኑ ሆነሽ ተሻገሪ።

ሐሳቤን ባጭሩ ብነግርሽ፣ እሑድን ለእረፍት አድርጊው። ሌሊቱን ሳትተኚ ነው የምትደርሺው፤ ታጥበሽ፣ ተኝተሽ፣ ከማረፊያሽ ብዙ ሳትርቂ ምግብና ውኃ አግኝተሽ ለእናትሽ ከደወልሽ ቀኑ ሞልቷል።

የሐይቁ ዳር ሰው (ሐይቅ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ። የታመመ ወንድሜን ለማስታከም አሕመዳባድ ሁለት ወር ከርሜ፣ ዓቢይ ጾምንም እዚያው ጾሜአለሁና ስለ ምግቡ ልንገርሽ።

በዚያ አገር ሥጋ የማይበላው ሕዝብ ብዙ ነው፤ የጾም ምግብ ግን በየቦታው ሞልቷል ብለሽ እንዳትዘናጊ። በታሸገ ምግብ ላይ በአረንጓዴ ካሬ ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ታያለሽ፤ ትርጉሙ ሥጋ የለበትም ማለት ነው። ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎና አይብ ግን በእነርሱ ዘንድ ከአትክልት ጋር ስለሚቆጠሩ ነጥቡ ለእኛ ጾም ዋስትና አይሆንም። ቂጣቸው ከምጣዱ እንደ ወጣ ጊ የሚሉትን የነጠረ ቅቤ ይቀባል፤ ሻያቸው የሚፈላው ከወተት ጋር ነው። ስለዚህ ሁለት ቃል በሂንዲ ያዢ፤ «ቢና ጊ» ቅቤ ሳይኖረው፣ «ቢና ዱድ» ወተት ሳይኖረው ማለት ነው። ጄይን የሚባሉት ምእመናን ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይበሉ ናቸው፤ ለእነርሱ የተሠራው ምግብም ቢሆን ወተት ስለሚገባበት የጾም ነው ብለሽ አትውሰጂው።

በመጀመሪያው ቀን ሩዝና ያልተቀባ ቂጣ፣ ሙዝና የሽምብራ ቆሎ ይበቁሻል። ቆሎው በየመንገዱ ሲቆላ ታገኚዋለሽ፤ ሽታው ከደጃፍሽ የማይለይ ነው። ከቤት ጥቂት በሶ ቋጥረሽ ብትሄጂ ደግሞ ማንንም ሳትጠይቂ ማዕድሽ ከእጅሽ ነው። የቧንቧ ውኃ አትጠጪ፤ ጠርሙሱም ክዳኑ ያልተነካ መሆኑን አረጋግጪ።

በትልቅ ሳሕን ዙሪያውን በየጽዋው እየተደረገ የሚቀርብ ታሊ የሚባል ምግብ አላቸው። አስተናጋጁ ባለቀ ቁጥር ይጨምርልሻል፤ ልክ የእኛ ሰው «በሞቴ» እያለ እንደሚያጎርሰው ነው። ሲበቃሽ በቃል ብቻ ሳይሆን እጅሽን ሳሕኑ ላይ ዘርግተሽ ክልከላውን አሳዪው። የሚበላውም እንደ እኛ በቀኝ እጅ ነው።

ስለ መግባባትም አንድ ነገር ላክልልሽ። አንድ ነገር ስትጠይቂያቸው ጭንቅላታቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትከሻ ዘንበል ዘንበል ያደርጉታል። እኔ እንቢታ መስሎኝ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሁለት ጊዜ አዝኜ ተመልሻለሁ፤ «እሺ፣ አለ» ማለታቸው ኖሯል። እኛ ደግሞ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎን» የምንለውን እነርሱ አይረዱትም፤ የደነገጥሽ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በቃል መልሺ።

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ጤና ይስጥልን። የከጦሳ ሥር ወንድሜ ምክር በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ትዋል በሚለው ግን አልስማማም። የሕንድ ሰዓት ከእኛ በ2 ሰዓት ተኩል ይቀድማል። ሥልጠናው በእነርሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት ማለትም እኛ ጠዋት 3 ሰዓት በምንለው ቢጀመር፣ በዚያች ደቂቃ ኮምቦልቻ ላይ ገና ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። እሑድ ቀኑን የተኛ ሰው ሌሊቱን አይተኛም፤ ሰኞ ጠዋትም ይከብደዋል። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ዐርፈሽ ከቀትር በኋላ ብትወጪ ይሻላል፤ የታኅሣሥ አየርም ለመንገድ የተመቸ ነው።

የምትሄጂበትን አንድ ቦታ ብቻ ልንገርሽ፤ ላል ደርዋዛ አጠገብ ያለው የሲዲ ሰዒድ መስጂድ። በእነርሱ አቆጣጠር በ1573 ገደማ ያሠራው ሲዲ ሰዒድ ሐበሻ ነበር። በመስጂዱ የምዕራብ ግድግዳ ላይ ያሉት መስኮቶች ከድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፤ በአንደኛው ላይ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ የተጠላለፉ ዛፍ አለ፤ ድንጋይ መሆኑን ረስተሽ ጥልፍ የምታዪ ይመስልሻል። የከተማዋ ምልክት እስከ መሆን የደረሰ ሥራ ነው። ከውጭ፣ ከመንገዱ ቆመሽ ማየት ስለሚቻል ሙስሊም ሆንሽ ክርስቲያን የሚያግድሽ የለም። እኔ ከዚያ ዛፍ ሥር ቆሜ፣ ከእኛ አገር ምድር የወጣ ሰው ከአራት መቶ ዓመት በፊት ይህን አሠርቶ መሄዱን ሳስብ፣ በከተማዋ ውስጥ ባይተዋርነቴ የቀለለኝ በዚያች ሰዓት ነበር። በመጀመሪያው ቀን እንድታዪው የምፈልገውም ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር ትዝ ይለኛል። ደሴ ላይ ስንሰግድ መካ ያለችው በሰሜን ስለሆነ ፊታችንን የምናዞረው ወደዚያው ነው፤ አሕመዳባድ ላይ ግን ቂብላው ምዕራብ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወደ ሰሜን ልቆም ስል አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው ቀስ ብለው አዞሩኝ፤ ከዚያም ከየት እንደ መጣሁ ጠይቀው «ሐበሺ?» ብለው ፈገግ አሉ።

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቢጫ ካርዴን ዛሬውኑ አየሁት፤ አለኝ። ስለ ማደሪያውም ለአዘጋጆቹ ጽፌላቸዋለሁ። ጽሑፋችሁን ለእናቴ ሳነብላት ስለ በሶው ሲደርስ «እሱን ለእኔ ተይው» ብላ ተነሣች። እኒህን የሐይቁን አባት አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ገናን እዚያው ስለምውል፣ የምሳለምበት ቤተ ክርስቲያን አገኝ ይሆን?

የሐይቁ ዳር ሰው (ሐይቅ)

አለልሽ ልጄ። የሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ ማላንካራ የምትባለው፣ ከእኛ ጋር በእምነት አንድ ናት፤ አሕመዳባድ ላይም ሀገረ ስብከት አላት። ምእመናኑ በአብዛኛው ከኬራላ የመጡ ስለሆኑ ቅዳሴው በማላያላም ቋንቋ ነው። ልብ በዪ፤ እነርሱ ልደትን የሚያከብሩት በፈረንጆች ታኅሣሥ 25፣ በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው። በእኛው ታኅሣሥ 29 ብትሄጂ በዓሉ አልፎ ታገኚያለሽ፤ ቢሆንም ገብተሽ መጸለይ ትችያለሽ። ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂ። ጫማ ከበር ላይ ማውለቁ እንደ እኛው ነው።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)

የሰኞ ገበያው ወንድሜ ስለ ሰዓቱ ያለውን ተቀብያለሁ፤ ከቀትር በኋላ መውጣቱ ይሻላል።

እህቴ፣ ሥራሽ ክር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በጥር 6 ቀን ኡተራያን የሚባል፣ በክር ይዘው ወደ ሰማይ የሚለቁት የወረቀት መጫወቻ ማለትም የካይት በዓል አላቸው። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት በየመንገዱ ዳር ከምሰሶ ምሰሶ ረጅም የጥጥ ክር ወጥረው፣ ቀለምና የመስታወት ዱቄት የተቀላቀለበትን ሙጫ በእጃቸው እየያዙ ክሩን ከዳር እስከ ዳር ይቀቡታል፤ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ደማቅ ሮዝ ነው። በአየር ላይ የሌላውን ካይት ክር እንዲቆርጥ ነው እንዲህ የሚያደርጉት። ከመጀመሪያው ቀንሽ ጀምሮ ይህን ልታዪ ስለምትችዪ ቆመሽ ተመልከቺው፤ በባዶ እጅሽ ግን አትንኪው። በበዓሉ ሰሞን በሞተር ብስክሌት የሚሄዱ ሰዎች አንገታቸውን በሻርፕ የሚጠቀልሉት የተንጠለጠለው ክር እንዳይቆርጣቸው ነው፤ አንቺም በሪክሻ ስትሄጂ ነጠላሽን አንገትሽ ላይ ጠምጠም አድርጊ።