ደመወዝ ያልነበረው ነፍጠኛ ቤተሰቡን በምን ያኖር ነበር?

ጥያቄ፦ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ ዘምቶ እዚያው የሰፈረ ተራ ወታደር ደመወዝ በብር ካልተቆረጠለት፣ ሚስቱና ልጆቹ በምን ያድሩ ነበር? ሲሞትስ?

መልስ 1፦ ደመወዙ ገባር፣ ማለትም ግብር የሚያስገባና የሚያገለግል ገበሬ ነበር። በማዕረጉ ልክ ገበሬ ይመደብለታል፤ ለተራው ጥቂት አባወራ፣ ለአለቃው ብዙ። ገባሩ እህልና ማር ያስገባል፣ ማገዶ ያቀርባል፣ ቤትና አጥር ይሠራል። የገባሩ ሚስትም ወታደሩ ቤት ሄዳ ትፈጫለች። ግፉ የሚበረታው በእርሻ ወቅት ነው፤ ገባሩ የሰው ሲሠራ የራሱ ማሳ ጦም ያድራል።

መልስ 2፦ ማደሪያና ርስት የሚባሉት የመሬት ይዞታዎች አይምታቱብን። ርስት ለልጅ ይተላለፋል፤ ማደሪያ ግን የአገልግሎት ዋጋ ስለሆነ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ይነሳል። ልጁ ወጨፎ ወይም ውጅግራ የሚባለውን የአባቱን ጠመንጃ አንስቶ በእሱ ካልተተካ እናቱ ባዶ እጇን ልትቀር ትችላለች።

መልስ 3፦ የወታደሩን ሚስት አትርሷት እንጂ! ክተት ሲታወጅ ስንቁ የእሷ ሥራ ነው፦ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ። የበሶው ገብስ እስኪበስል ይታመሳል፣ ተፈትጎ ይፈጫል፣ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ስልቻ ይገባል። ትኩሱን ከታሰረ ያልበዋል፤ ከዚያ ሻግቶ መንገድ ላይ ይጣላል። ብዙዎቹ ሚስቶችም አብረው ይዘምቱ ነበር።

መልስ 2፦ ልክ ነሽ። የገባር አገልግሎት የቀረው ጣሊያን በ1933 ከወጣ በኋላ ነው፤ ጭሰኝነት (የባለመሬትን መሬት ተከራይቶ ማረስ) ግን እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ቆይቷል።