ያላጠፋ ገዢ ፓርቲ ለምን ይውረድ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ሰንብቷል። አንድ ፓርቲ ለረጅም ጊዜ ገዝቷል እንበል። መልአክ አይደለም፣ ሰይጣንም አይደለም። ደመወዝ በወሩ ይከፈላል፣ ምርጫም በጊዜው ይካሄዳል። መራጩ እንዲያው «አሁንስ በቃችሁ፣ ሌላው ይሞክረው» ሊል ይገባል? ወይስ ግልጽ ጥፋት እስኪያይ ይጠብቅ? የየራሳችሁን ፓርቲ ለዛሬ እቤት አስቀምጡት፤ አለበለዚያ ተሰዳድበን ነው የምንለያየው። የምትጠቅሷቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ።

ሦስት ጉልቻ፦
መልሱ አጭር ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።
ማላዊን እዩ። የ2019ኙን ምርጫ ፍርድ ቤት ሰረዘው። በ2020 በተደገመው ምርጫ ተቃዋሚው ላዛረስ ቻክዌራ ፕሬዚዳንቱን ፒተር ሙታሪካን አሸነፉ። ዓለም አጨበጨበ። ከዚያ ኑሮ ተወደደ፣ ነዳጅም ጠፋ። በ2025 ሕዝቡ ማንን መረጠ? ያንኑ ሙታሪካን! ዞሮ ዞሮ ከቤት።

በቃኝ፦
ወንድሜ፣ ምሳሌህ የመሰከረው ለእኔ ነው። ማላዊዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት መንግሥት በወረቀት አወረዱ። አሁን ቤተ መንግሥት ያለው ሰው አንዴ ተባሮ የተመለሰ ነው። ወንበሩ የግሉ እንዳልሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ደግሞ ጉልቻ ወጥ ባያጣፍጥም፣ የዘመመ ጉልቻ ድስቱን ይደፋል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ጥፋት እስክታይ ከጠበቅህ ዘግይተሃል። ፓርቲ ሲቆይ ከመንግሥት ጋር ይጣበቃል። የቱ የፓርቲ መኪና፣ የቱ የመንግሥት መኪና እንደሆነ ሾፌሩ ራሱ ይጠፋበታል። ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ፓርቲ ከ1929 እስከ 2000 ገዛ። 71 ዓመት ማለት ነው። ያውም ፕሬዚዳንቱ በየስድስት ዓመቱ ይቀየር ነበር፤ ሁለተኛ መወዳደር ሕጉ አይፈቅድለትም። ታዲያ ተተኪውን የሚመርጠው ማን ነበር? ተሰናባቹ! «ዴዳሶ» ይሉታል። ቃሉ ጣት ከሚለው የመጣ ነው። በጣቱ ጠቆመ፣ አለቀ። ምርጫው ከዚያ በኋላ የሚደረግ ድግስ ነበር።

የታሪክ መምህር፦
ልጆች፣ ቀስ በሉ። መቆየት በራሱ ኃጢአት አይደለም። የስዊድን ሶሻል ዴሞክራቶች ከ1932 እስከ 1976 ገዙ። በ1936 ለጥቂት ወራት ብቻ ነው ከሥልጣን የራቁት። የጡረታውን፣ የጤናውን፣ የትምህርቱን ሥርዓት የዘረጉት በዚያ ዘመን ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በአራትና በአምስት ዓመት አያልቅም።

በየጊዜው የሚቀያየረውንም ተመልከቱ። በጋና ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይዞራል። በ2000፣ በ2008፣ በ2016 እና በ2024 በተደረጉት ምርጫዎች ሁሉ ገዢው ፓርቲ ወርዷል። አፍሪካ የምትኮራበት ነገር ነው፣ እኔም እኮራበታለሁ። ግን አገሪቱን ከዕዳ አላዳናትም። በ2015 አንደኛው ፓርቲ የዓለም የገንዘብ ድርጅትን ደጅ ጠና። በ2022 መጨረሻ፣ በሌላኛው ዘመን፣ አገሪቱ አብዛኛውን የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቆመች። በ2023 ለ3 ቢሊዮን ዶላር እንደገና ወደዚያው ደጅ። የምርጫ ዓመት በመጣ ቁጥር ወጪው ይንራል።

የአባቶችን ተረት አትርሱ፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። እንደሚሻር እርግጠኛ የሆነ ሹም ለመብላት ይቸኩላል።

በቃኝ፦
ጋሼ፣ እንደማይሻር እርግጠኛ የሆነውስ? እሱ እየተዝናና ይበላል!

ኦዲተሯ፦
ጋሼ ያሉትን አከብራለሁ። እኔ ግን ነገሩን የማየው ከሙያዬ ነው። ገዢ ፓርቲ ሲቀየር የሚገኘው ትልቁ ጥቅም የአዲሱ ብልህነት አይደለም። መዝገብ መከፈቱ ነው።

ሴኔጋልን ላንሳ። በመጋቢት 2024 ተቃዋሚው ባሲሩ ጆማይ ፋይ በመጀመሪያው ዙር አሸነፉ። ወራት ሳይቆዩ አዲሶቹ «የነገሩን አኃዝ ልክ አይደለም» አሉ። በየካቲት 2025 የሒሳብ መርማሪው ፍርድ ቤት ሪፖርቱን አወጣ። የ2023 መጨረሻ ዕዳ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 74 በመቶ ገደማ ነው ሲባል ነበር። ወደ 100 በመቶ የተጠጋ ሆኖ ተገኘ። ይህ የስህተት ልዩነት አይደለም። የዓመታት ዝምታ ነው።

ግሪክም እንዲሁ። በ2009 ጸደይ የዓመቱ የበጀት ጉድለት ከ4 በመቶ በታች ይሆናል ተብሎ ለአውሮፓ ኅብረት ተነግሮ ነበር። በጥቅምት ምርጫ ሌላ ፓርቲ ገባ። ወዲያው ጉድለቱ ከ12 በመቶ በላይ ነው አለ። በኋላ ሲመረመር ከዚያም የባሰ ነበር።

ቀድሞ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቁልፉ የጠፋ ካዝና ነበር። ሁለት ዓመት ጠየቅን፣ «ጠፍቷል» ተባልን። ኃላፊው በተቀየሩ በሳምንቱ ቁልፉ ተገኘ። ውስጡ ያን ያህል ጉድ አልነበረበትም፤ ያልተወራረደ አበል ብቻ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አምስት ሰው ያውቅ ነበር።

ሦስት ጉልቻ፦
እህቴ፣ ጥሩ ብለሻል። ግን ጨርሺው እንጂ። ግሪክ ውስጥ መዝገቡን የከፈተው ፓርቲ ምን ገጠመው? በ2009 ወደ 44 በመቶ ድምፅ ነበረው። በግንቦት 2012 ወደ 13 በመቶ ወረደ። አገሪቱም በ2010 የ110 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ከነ ግዳጁ ተሸከመች። መራጩ የቀጣው ምስጢሩን ያወጣውን ነው። ታዲያ ቀጣዩ ሰው ቁልፉን ለምን ያገኛል?

ደግሞ መዝገብ ለማስከፈት መንግሥት መገልበጥ ምን አመጣው? ጠንካራ ኦዲተር፣ ነፃ ዐቃቤ ሕግ ይኑር። ተገላገልን።

ኦዲተሯ፦
የመጀመሪያውን ተቀብያለሁ። መራጭ አንዳንዴ ሐኪሙን ነው የሚቀጣው።

ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። መሥሪያ ቤቱማ ሁልጊዜ አለ። የሚጠፋው ወረቀቱን የሚሰጠው ሰው ነው። የማሌዥያን ታሪክ ታውቃለህ? በ2015 የመንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ገንዘብ የት ገባ የሚል ምርመራ ተጀመረ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ከቦታቸው ተነሡ። ተተኪው በ2016 መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥፋት የለባቸውም ብለው ፋይሉን ዘጉት። በ2018 ምርጫ ከነፃነት ጀምሮ 61 ዓመት የገዛው ጥምረት ወደቀ። ፋይሉ ተከፈተ። በ2020 ያው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ናጂብ ራዛቅ ጥፋተኛ ተባሉ፣ በ2022 እስር ቤት ገቡ። ያው አገር፣ ያው ሕግ፣ ያው ፍርድ ቤት። የተቀየረው ገዢው ነው።

ሦስት ጉልቻ፦
አዲሱ መንግሥትስ ስንት ጊዜ ቆየ? 22 ወር! እርስ በርሱ ተባልቶ ፈረሰ።

በቃኝ፦
22 ወር በቃው እኮ። ፋይሉ አልተዘጋም።

ግራ ቀኝ፦
ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። ሁላችሁም አገርን ከአገር እያወዳደራችሁ ነው፤ እሱ ያስቸግራል። እኔ አንድ አገር ውስጥ ያሉ ሁለት ክልሎች ላምጣ። ሕንድ ውስጥ በምዕራብ ቤንጋል የግራ ፓርቲዎች ጥምረት ከ1977 እስከ 2011 ያለ ዕረፍት ገዛ። 34 ዓመት። በኬራላም ግራዎቹ ጠንካራ ናቸው። እዚያ ግን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2021 ድረስ መራጩ በየምርጫው እያወረደ ሌላውን ያወጣ ነበር። አንዴ ግራዎቹ፣ አንዴ ኮንግረስ ፓርቲ የሚመራው ጥምረት። ሁለቱም ቦታ ያው ርዕዮተ ዓለም፣ ያው ቀይ ባንዲራ ነው። በ2011 ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው በኬራላ 94 በመቶ፣ በምዕራብ ቤንጋል 76 በመቶ ነበር። አንዱ ፈተና የሚፈተን ተማሪ ነው። ሌላው ከክፍል ወደ ክፍል በነፃ የሚያልፍ።

የታሪክ መምህር፦
የእኔ ልጅ፣ ምሳሌህ ያምራል ግን ቸኩለሃል። ኬራላ ትምህርት የወደደችው ግራዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው። ነገሥታቱም፣ ሚሲዮናውያኑም፣ የተገፉት ማኅበረሰቦች ራሳቸውም ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ኖረዋል። መነሻው እኩል አልነበረም። ቤንጋልም በ1970ዎቹ መጨረሻ የሰው መሬት አርሰው ምርቱን ለሚካፈሉ ገበሬዎች የመሬት መብት መዝግባለች። ያ ሥራ ጊዜ የሚፈልግ ነበር።

ግራ ቀኝ፦
ልክ ነዎት ጋሼ፣ መነሻውን ዘልዬዋለሁ። እንዲያውም ያሉት ሌላ ነገር አስታወሰኝ። በኬራላ አንዱ የከፈተውን ትምህርት ቤት ሌላው አልዘጋውም። ቢዘጋ በአምስት ዓመቱ ይወርዳላ! ስዊድንም እንዲሁ። በ1976 ሌሎቹ ሲገቡ የጡረታውን ሥርዓት አላፈረሱትም። «ለውጥ ከመጣ የተሠራው ሁሉ ይፈርሳል» የሚለው ፍርሃት ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ጠያቂ፦
ቆይ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ተቃዋሚው ገዝቶ አያውቅም። ልምድ የለውም። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው አውቶቡስ ይዞ ይውጣ?

ሦስት ጉልቻ፦
ጃፓን መልስ አላት። አንድ ፓርቲ ከ1955 ጀምሮ፣ በ1990ዎቹ ከአንድ ዓመት ያነሰ ዕረፍት ወስዶ፣ እስከ 2009 ገዛ። ከዚያ ሕዝቡ «ይብቃ» አለ። አዲሶቹ በሦስት ዓመት ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትር ቀያየሩ። ከቢሮክራሲው ጋር ተጣሉ። መሐል ላይ የ2011 የመሬት መንቀጥቀጥና የፉኩሺማ አደጋ መጣባቸው። በ2012 የድሮው ፓርቲ በትልቅ ድል ተመለሰ።

በቃኝ፦
ልምድ የላቸውም አልክ። ለምን? ስላልመረጥናቸው! ለምን አልመረጥናቸውም? ልምድ ስለሌላቸው። ይሄ ክብ መቼ ነው የሚሰበረው? አንድ ቀን መሪውን ያልሰጠኸው ልጅ መንዳት አይለምድም።

ጠያቂ፦
እኔ ተሳፋሪ ነኝ እኮ።

ግራ ቀኝ፦
😄 ፍትሐዊ ነው። ግን ልምድ ከማጣት የባሰ አደጋ አለ፤ የገባው ሰው በሩን ከውስጥ ሊቆልፈው ይችላል። በሃንጋሪ በ2010 ሕዝቡ በሶሻሊስቶቹ ተማርሮ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትራቸው የነበሩት ሰው ለሕዝቡ መዋሸታቸውን በዝግ ስብሰባ ሲናገሩ የተቀዳ ድምፅ ወጥቶባቸዋል። ስለዚህ ለውጥ መፈለጉ አይፈረድበትም። ተቃዋሚው ፊዴስ ፓርቲ 53 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛውን ያዘ። በዓመቱ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣ፣ የምርጫ ሕጉንም ቀየረ። በ2014፣ በ2018 እና በ2022 ደጋግሞ አሸነፈ። የአንድ ወቅት ቁጣ ነበር፣ ውጤቱ ግን ረጅም ሆነ።

እንግዲህ እኔ እንደ መራጭ ስለ አዲሱ የምጠይቀው ይህን ነው። ይህን ሰው ባልወደው መልሼ ላወርደው እችላለሁ? ከቻልኩ፣ ልሞክረው። ስህተቴ የአምስት ዓመት ነው። ካልቻልኩ፣ ምንም ቢያምር አልነካውም።

ኦዲተሯ፦
ይሄን ወድጄዋለሁ። መቀየር ርካሽ መሆን አለበት።

የታሪክ መምህር፦
አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣችሁ። ለውጥን ውድ የሚያደርገው አንዱ ነገር የእንጀራ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓርቲ ሲቀየር ከላይ እስከ ፖስታ ቤት ያለው ሹመት አብሮ ይቀየር ነበር። ያሸነፈ ሁሉን ይወስዳል። በ1881 ቻርልስ ጊቶ የሚባል ሹመት የተነፈገ ሰው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን በጥይት መታቸው። ከወራት በኋላ ሞቱ። በ1883 ፔንድልተን የተባለው ሕግ ወጣና አንዳንዱ ሥራ በፈተና ሆነ። መጀመሪያ የሸፈነው ከአሥር አንዱን ያህል ሥራ ብቻ ነው። ቀስ በቀስ ሰፋ።

ይህን ያነሳሁት ለምንድን ነው? ገዢው ሲወርድ የነርሷና የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እንጀራ የሚቋረጥ ከሆነ፣ እነዚያ ሰዎች ለለውጥ ድምፅ አይሰጡም። እውነታቸውን ነው። ፈሪ አትበሏቸው።

በቃኝ፦
ጋሼ፣ ይህችን ተቀብያለሁ። ግን ያን ሕግ ማን ያወጣል? እንጀራውን በእጁ የያዘው ገዢ ነው? ቦትስዋናን ልጠቁምና ልተኛ። ከ1966 ጀምሮ 58 ዓመት አንድ ፓርቲ ገዛ። አልማዙን በቅጡ ያስተዳደረ፣ ሰላም የጠበቀ፣ ሁላችሁም «ያላጠፋ» የምትሉት ዓይነት ነው። የአልማዝ ገበያ ሲቀዘቅዝና ወጣቱ ሥራ ሲያጣ ግን በ2024 ከ61 ወንበር 4 ብቻ ቀረለት። ፕሬዚዳንት ማሲሲ ሽንፈታቸውን ተቀብለው ወረዱ፤ ዱማ ቦኮ ተተኩ። አገር አልፈረሰም።

ሦስት ጉልቻ፦
ያልፈረሰው እኮ 58 ዓመት በደንብ ስለተሠራ ነው!

በቃኝ፦
በደንብ የተሠራ ከሆነማ መቀየሩን ምን አስፈራችሁ?

ሦስት ጉልቻ፦
...ነገ እመልስልሻለሁ።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን ሁሉ ለመርጋት ተከራክረዋል። እርስዎ ራስዎ ገዢውን ፓርቲ ትተው ለሌላ ድምፅ ሰጥተው ያውቃሉ?

የታሪክ መምህር፦
ድምፅ ምስጢር ነው ልጄ። ደህና እደሩ።