ለዶርም የሚሆን ትንሽ ቴሌቪዥን ምረጡልኝ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የምማር ተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 የጨዋታ ማሽን ሰጠኝ፤ ቴሌቪዥን ግን የለኝም፣ ያጠራቀምኩትም ገንዘብ ጥቂት ነው። ቅዳሜ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን በርካሽ አግኝቼ ጀርባውን ባዞረው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ መሰኪያ ብቻ አለው። ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ምስል የሚያወጣው በኤችዲኤምአይ ነው፤ ይህም ምስልና ድምፅን በአንድ ገመድ የሚያሳልፍ ሌላ ዓይነት መሰኪያ ነው። አዝኜ ተመለስኩ።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ መዘግየቱ ነው። በጓደኛዬ ቴሌቪዥን ኳስ ስንጫወት ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ አጥቂው ቆይቶ ይመታል፤ ተከላካዩ ቀድሞ ይነጥቀዋል። መዘግየቱን የሚቀንሰውን፣ የጨዋታ ሁነታ የሚባለውን የቴሌቪዥን ምርጫ ፈልገን አጣነው።

ባለ 24 ኢንች ቴሌቪዥን ይሻለኛል ወይስ ያገለገለ የኮምፒውተር ሞኒተር? ሞኒተሩ ድምፅ ባይኖረው በጆሮ ማዳመጫ እችለዋለሁ። እባካችሁ፣ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ሳልከፍል ሱቁ ውስጥ መዘግየቱን በምን ልፈትሽ?