የበጎቼ ትል በአልቤንዳዞል አልሞት አለ፤ ምን ልስጥ?

ሰላም ወገኖች። ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ በግ አረባለሁ። ከክረምቱ ወዲህ በጎቼ ከስተዋል፤ የዓይናቸው ቆብ ውስጡ ነጥቷል፤ የሁለቱ ደግሞ ከመንጋጋቸው ሥር አብጧል። ደም መጣጩ የጨጓራ ትል፣ ሄሞንከስ ነው ተባልኩ። አልቤንዳዞል ሰጠሁ፤ ወይ ፍንክች! ትሉ መድኃኒቱን ለምዶት ነው ወይስ መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው? ሻጩ "ደግመህ ስጥ" ይላል፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። በበጠጡ ውስጥ ያለውን የትል እንቁላል ከመድኃኒቱ በፊትና ከ14 ቀን በኋላ አስቆጥሮ፣ ቅነሳው ከ95 በመቶ በታች ከሆነ ትሉ መድኃኒቱን ለምዶታል ብሎ መጠርጠር ነው አሉ። እዚህ ከተማ ይህን የሚቆጥርልኝ የት ነው? እስከዚያው ወደ አይቨርሜክቲን ወይም ቴትራሚዞል ልዙር? አንዷ አርግዛለች። ደግሞ ሚዛን የለኝም፤ መጠን ማሳነስም ትሉን ያለማምደዋል ይባላል። ክብደታቸውን በምን ልገምት?